ሰማያዊ ቆጮ

ገነቴ የጨርቅ ማቅለሚያው በር ላይ ስትደርስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። በክንዷ የታቀፈችውን በኮባ የተጠቀለለ ነገር ያየ ሁሉ ምሳ ነው ብሎ ያልፈዋል። ማቅለሚያው ውስጥ የነበረችው ጣቢታም ያሰበችው ያንኑ ነው። አክስቷ አንዳንዴ እንዲህ ብቅ እያለች ቆጮና አይብ ታመጣላት ስለነበር፣ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ልትቀበላት ተነሣች።

"ተይ፣ አትንኪው። እዚያው ሆነሽ እይው" አለች ገነቴ።

ቅጠሉን በርሜል ክዳን ላይ አስቀምጣ ገለጠችው። ውስጡ ከጉድጓድ የወጣ፣ ገና ያልተከተፈ የቆጮ ሊጥ ነው። መልኩ ግን የቆጮ አልነበረም። ዳር ዳሩ ደመቅ፣ መሐሉ ገርጣ ያለ ሰማያዊ ሆኗል። ጣቢታ ቀለሙን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ከኋላዋ በገመድ ተሰጥቶ የሚንጠባጠበው አቡጀዲ ሁሉ ያው መልክ ነበረው።

"የላይኛው ብቻ ይሆናል" አለች፤ ድምፅዋ ግን የምትለውን አላመነም።

ገነቴ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷን አሳየቻት። እስከ ክርኗ ድረስ ሰማያዊ ነው።

"እስከዚህ ገባሁ። ከዚህ በታች ደግሞ እጄ አይደርስም። ያለኝ ጉድጓድ ይኼ ብቻ ነው ጣቢቴ። የዘመን መለወጫችን ያሆዴ ሲመጣ ለሰው የማቀርበው፣ ከያሆዴ በኋላም ልጆቼ የሚበሉት ይኸው ነው።"

ጣቢታ ገነቴ በራሷ ላይ ሸብ ያደረገችውን ሻሽ አየች። ይህ ሻሽ ከማቅለሚያው የመጀመሪያ በርሜል የወጣ ነው። ገነቴ ያን ጊዜ በበሩ ላይ ቆማ፣ "ከዚህ ቀለም ለኔ ሳትቆርጪልኝ ለሌላ ብትሰጪ እጣላሻለሁ" ብላ ነበር።

ጣቢታ ልብስ ትወዳለች። በዚህ አታፍርም፤ ብዙ ሰው ግን ልታፍር ይገባታል ብሎ ያምናል። ልጅ ሳለች በአዲሎ መንገድ የሚመጡት የጨርቅ ነጋዴዎች ሆሳዕና ገበያ ሲዘረጉ፣ ሌላው ልጅ ከረሜላ ሲለምን እሷ የጨርቅ ጫፍ ትለምን ነበር። ምሥራቅ ጀርመን ተልካ የተማረችውም የጨርቅ ቀለም ነው። ስትመለስ እግሩ ሰፊ ሱሪ ለብሳ ከአውቶቡስ ወረደች፤ ከተማው ስለዚያ ሱሪ ያወራውን ያህል ስለ ትምህርቷ አላወራም። እዚያ ሳለች አገሯን ስትናፍቅ ኖራ፣ እዚህ ስትደርስ የመጣችበትን ሁሉ ትጠራጠር ጀመር፤ ቀጥሎ ደግሞ መጠራጠሯን ራሱን ተጠራጠረች። ያልተጠራጠረችው አንድ ነገር ቢኖር የሆሳዕና ሴት ከሌላው ሴት ባላነሰ ቀለም ይገባታል የሚለውን ነው። አብዮቱ አገሩን ሁሉ ካኪ ሲያለብሰው፣ ሕዝቡም ለሰው ልጅ ሌላ መልክ እንዳልተፈጠረለት ሁሉ ሲሰለፍ፣ እሷ ይቆጫት ነበር።

ማቅለሚያውን ለማቋቋም ብዙ ደጅ ጠንታለች። የልብስ ሰፊዎቹ ማኅበር ሴቶች ከዱራሜና ከሀደሮ ሳይቀር ነጋዴ የሚፈልገው ጨርቅ ማውጣት ሲጀምሩ፣ በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ አገኘች። የቀረው የቆሻሻው ውኃ ነበር። ጀርመን አገር በተማረችበት ከተማ አንድ ወንዝ አለ፤ ፋብሪካው ቀይ ሲነክር ቀይ፣ አረንጓዴ ሲነክር አረንጓዴ ይወርዳል። ተማሪዎቹ ድልድዩ ላይ ቆመው፣ "ዘንድሮ የሚለበሰው ወይን ጠጅ ነው ማለት ነው" እየተባባሉ ይስቁ ነበር። እሷም አብራ ስቃለች። ወንዙ ዝቅ ብሎ የት እንደሚሄድ ማንም አልጠየቀም።

እዚህ ግን ጠይቃለች። ውኃው የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ገንዳ ያስፈልጋል ብላ አመለከተች። ሲሚንቶው ተፈቀደ፤ መጣም። ከመኪናው ሲወርድ ግን የበዓል ዝግጅት ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ኃይሉ፣ "ለጊዜው" ብለው ወደ አደባባይ ላኩት። መስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ሲከበር እንግዶች የሚቆሙበት ሰገነት መሠራት ነበረበት።

ያኔ ነው ሴቶቹ መላ ያመጡት። በዚህ አገር ሴት የቆጮ ጉድጓድ ስትቆፍር ግድግዳውን ባዶ አትተወውም። ኮባውን በእሳት አለስልሳ፣ ቅጠል በቅጠል ላይ እየደረበች፣ ጠርዙን እየቆለፈች ታለብሰዋለች። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ቢወርድ ሊጡ ጋ ጠብታ አይገባም። እንዲህ ያለውን ጉድጓድ ለቀለሙ ውኃም ቆፈሩለት። ቅጠሉን እየረገጡ፣ እየተቀላለዱ፣ የሰሜን ሰው የሆነችውን የማኅበሩን ሊቀ መንበር እትዬ አበራሽን፣ "አንቺ ጥግ ጥጉን ርገጪ፣ መሐሉ የአገሬው ነው" እያሉ አለበሱት። ጣቢታ ቆማ ስታይ ደስ አላት። ከሩቅ ያመጣችው ትምህርትና የእናቶቿ እጅ ሥራ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ የታረቁ መሰላት።

አሁን ከገነቴ ጋር ሄዳ የቀለሙን ጉድጓድ ክዳን አነሣችው። በረጅም እንጨት ግድግዳውን ስትነካው ቅጠሉ አልነበረም። እንደ ሙቅ ያለ ዝልግልግ ነገር ከእንጨቱ ጫፍ ተንጠልጥሎ ወጣ። ሰማያዊውን ቀለም ከጨርቁ ጋር የሚያዋህደው ኮስቲክ ሶዳ ቅጠሉን በልቶታል። ገለባ ተቀቅሎ ወረቀት የሚሆነው በዚሁ ሶዳ መሆኑን ጣቢታ ፈተና ላይ ጽፋ ከፍተኛ ነጥብ አግኝታበት ነበር። ኮባም ከገለባ የተለየ አለመሆኑ ግን አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሏት አያውቅም። ጉድጓዱ ካለበት ቁልቁል ደግሞ የገነቴ የእንሰት ጓሮ ነው፤ የቆጮ ጉድጓዷም እዚያው ነው።

"እኛ ያለበስነው ቅጠል እኮ አይበሰብስም" አለች ገነቴ ዝልግልጉን እያየች፤ በሥራዋ የተነቀፈች ያህል ከፍቷታል።

"አልበሰበሰም አክስቴ። ተበላ።"

ማታ በአባቷ በማቴዎስ ቤት ጸሎት ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ በየቤቱ ነው የሚሰበሰቡት። ማቴዎስ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው፤ የሊጡን ነገር ሲሰማ ለልጁ አዝኖ ተናገረ።

"እኔ ስለ ልብስ ይህን ያህል መጨነቅ መጨረሻው አያምርም ብዬሻለሁ። ጌታ ሊያስተምርሽ ነው።"

"እሷን ሊያስተምር ከሆነ በኔ ቆጮ ምን አገባው?" አለች ገነቴ ከጥግ። "የራሷን ሱሪ አይወስድም?"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጣቢታ ግን አልሳቀችም። "አባዬ፣ ኃጢአቱ ቀለሙ ላይ አይደለም" አለች። "አበባውን ሁሉ ማን ነከረው? ኃጢአቱ ውኃውን የሰው ጓሮ ውስጥ መድፋቱ ነው። ደግሞ ሲሚንቶውን የወሰዱት እኔ ሰፊ ሱሪ ስለለበስኩ አይደለም።"

ማቴዎስ ወደ በሩ አየና፣ "ቀስ ብለሽ ተናገሪ" አላት።

በማግስቱ ያንን ኮባ ይዛ ወደ ጓድ ኃይሉ ቢሮ ሄደች። ጓድ ኃይሉ በተጠቀለሉ መፈክሮች መሐል ተቀምጠው ነበር። በመስኮቱ አሻግሮ አደባባዩ ይታያል፤ ሠራተኞች የሰገነቱን ውስጥ በሲሚንቶ እየለሰኑ ነው። ከሥሩ ባዶ ክፍል ሆኖ፣ የመፈክር ጨርቅ ማስቀመጫ እንዲሆን ከኋላው ትንሽ በር ወጥቶለታል። የጣቢታ ሲሚንቶ ለስላሳና የሚያምር ልስን ሆኖ ይታያል።

"ጓዲት ጣቢታ፣ የሴቶቹ ልብስ ደረሰ?"

"ያመጣኝ ልብሱ አይደለም።" ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው።

ጓድ ኃይሉ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። "መልኩ ያምራል እኮ" አሉ።

"ይኼ ምግብ ነው። የአክስቴ ቆጮ ነው። የማቅለሚያው ጉድጓድ አፍስሶ ገባበት።"

"ታዲያ ይታጠባላ።"

"ሊጥ እንዴት ይታጠባል?"

"የበላ ሰው አለ? የታመመ?"

"ማንም አልበላም።"

"ካልበሉት መጥፎ መሆኑን በምን ዐወቅሽ?" መነጽራቸውን አወለቁ። "ስሚ፣ ምግብ ሰማያዊ ስለሆነ አይገድልም። ቀለም ቀለም ነው።"

"ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ሶዳ አለው። ቅጠሉን የበላ ሶዳ አንጀትን አይምርም። ማቅለሚያው ገንዳ እስኪሠራለት ድረስ ይቁም ነው የምለው። ሲሚንቶው …"

"ሲሚንቶው ሥራ ላይ ነው።" በእስክሪብቷቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱ። "በዓሉ ደግሞ ደርሷል። ሴቶቻችን ሰማያዊ ለብሰው ይሰለፋሉ ተብሎ ላይ ድረስ ሪፖርት ተደርጓል። አሁን ብታቆሚ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። መርዝ ነው እያልሽ ብታወሪ ደግሞ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው መርዙን የቀመመው ማን ነው ብሎ ነው። ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አለች ጣቢታ። "ይቁም የምለውም እኔው ነኝ።"

ጓድ ኃይሉ የመፈክሮቹን ጥቅል አስተካከሉ። ጨዋታው አልቋል ማለታቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ በቀበሌው ስብሰባ ላይ፣ በአንዳንድ ጓሮ የታየው ቀለም ለጤና ምንም እንደማያደርግና ኅብረተሰቡ ሳይሰጋ እንዲመገብ ተነገረ። ገነቴ ከኋላ ተቀምጣ ሰማች። አጠገቧ ያለችው ሴት፣ "እንግዲህ የያሆዴውን ምግብ፣ አታካናውን፣ በሰማያዊ ልትጋብዢን ነው" ብላ ቀለደችባት። ገነቴ ነገሩን በልቧ ያዘችው።

ጣቢታ ማቅለሚያው ስትመለስ ሽርጧን አውልቃ ምስማር ላይ ሰቀለች።

"እኔ ከዚህ በኋላ አልነክርም" አለች።

እትዬ አበራሽ በርሜሉን ማማሰሏን አላቆመችም። "አንቺ ዲግሪ አለሽ፤ ሌላ ቦታ ትቀጠሪያለሽ። እኔ ብተው አሻጥር ሠራች ይሉኛል፤ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?"

"ውኃውን የት ልትደፊው ነው?"

"አንቺ ንገሪኝ። የት ልድፋው?"

ጣቢታ አሰበች። ጉድጓዱ ያፈሳል። ሌላ ቢቆፈርም ያፈሳል። በርሜል ተሸክመው ወንዝ ቢያወርዱት፣ ወንዙም ዝቅ ብሎ የሌላ ገነቴ ነው። የትኛውም ቁልቁለት መጨረሻው ላይ ሰው አለው። በድልድዩ ላይ የሳቀችው ሳቅ ትዝ አላት። ሽርጧን ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ትታ ወጣች። ከጀርባዋ ውኃው ሲደፋ ሰማችው።

በበዓሉ ቀን ፀሐይ ወጣ። ሴቶቹ በሰማያዊ ቀሚስ ተሰልፈው አደባባዩ ሲገቡ ሕዝቡ ሊያያቸው አንገቱን አሰገገ። ቀሚሱን የነደፈችው ጣቢታ ናት፤ ወገቡ ሰብሰብ፣ እጅጌው ሰፋ ያለ፣ ሲራመዱ የሚወዛወዝ። በጀርባቸው ልጅ ሲያዝሉ የኖሩ ሴቶች በዚያ ልብስ ቀጥ ብለው ሄዱ። እንዲህ ያምራል ብላ እሷም አላሰበችም። ጣቢታ ራሷ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ ከሕዝቡ መሐል ቆማ ነበር፤ ባታየው ይሻላት ነበር። አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ ንዴቷ አንድ ወገን ይዞ ይቆምላት ነበር። አሁን ግን ደስታዋም ንዴቷም በአንድ በርሜል ተነክረው፣ የትኛው የትኛውን እንደለወጠው መለየት አቃታት። ባለሥልጣናቱ ለዚህ ውበት አንዲት የሲሚንቶ ገንዳ ነፈጉት፤ ቆመው ሊያዩት ግን በዚያው ሲሚንቶ ከፍ አሉ።

ከሰልፉ በኋላ ለእንግዶቹ በአዳራሹ ምሳ ነበር። በልማዱ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ምግብ ያቀርባል፤ ያዘጋጀችው ሴትም ዋናውን እንግዳ በእጇ ታጎርሳለች። ጉርሻ የማይቀበል እንግዳ ደግሞ የለም። የገነቴ ተራ ሲደርስ በኮባ የተሸፈነ ሳህን ይዛ ገባች። ጣቢታ ከበሩ አጠገብ ነበረች፤ አክስቷ በአጠገቧ ስታልፍ ዐይኗን አየችውና ምን እንዳመጣች ገባት።

"አክስቴ፣ ተይ" አለቻት በሹክሹክታ።

"ምን አደረግሁ? ሳትሰጉ ብሉ አላሉም?"

ቅጠሉን ስትገልጠው በወጉ ተከትፎ፣ በወጉ የተጋገረ ቆጮ ታየ። ምጣዱ ገጹን አጥቁሮት ነበር፤ ስትቆርሰው ግን ውስጡ ሰማያዊ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት ዋናው እንግዳ፣ ወፈር ያሉ ሳቂታ ሰው፣ አንገታቸውን አዘነበሉ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው እናቴ? ከሴቶቻችን ልብስ ጋር አብሮ የተነከረ ይመስላል።"

"አዎ፣ አብሮ ነው የተነከረው" አለች ገነቴ። "የሰፈራችን ነው። አፍዎን ይክፈቱ።"

እንግዳው እየሳቁ ከፈቱ። ጣቢታ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች፤ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ከጠረጴዛው ጫፍ ወንበር ወደቀ። ጓድ ኃይሉ ነበሩ። የለስላሳ ጠርሙስ እየደፉ፣ የሰው እግር እየረገጡ መጥተው የገነቴን እጅ ከእንግዳው ከንፈር አጠገብ አፈፍ አደረጉት። ጉርሻው መሬት ላይ ወደቀ።

ጓድ ኃይሉ ትንፋሽ አጥሯቸው የገነቴን እጅ እንደያዙ ቆመዋል።

"ምነው ጓድ ኃይሉ?" አለች ገነቴ ረጋ ብላ። "ምንም አያደርግም ብላችሁን የለም እንዴ? እኔን ብይው አላችሁኝ እኮ። ልጆችሽን አብዪው አላችሁኝ።"

ጣቢታ ወደ ጠረጴዛው ቀርባ ተናገረች።

"የማቅለሚያው ውኃ ነው። ቀለሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። ገንዳ እንዲሠራለት ሲሚንቶ ጠይቄ ነበር፤ ሲሚንቶው ዛሬ ጠዋት እናንተ የቆማችሁበት ሰገነት ነው። ይህች ሴት ሌላ ምግብ የላትም። ለእርስዎ አንድ ጉርሻ ሲሆን ወንበር ተገለበጠ። ለእሷ ዓመቱን ሙሉ ሲሆን ግን ይታጠባል ተባለ።"

እንግዳው ከንፈራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። መሐረቡን አዩት፤ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ነበረችበት። ሳቃቸው ተመልሶ አልመጣም።

"ዝጉት" አሉ። "ማቅለሚያውን ዛሬውኑ ዝጉት።"

ስለ ገንዳው አልጠየቁም። ስለ ገነቴ ጉድጓድም አልጠየቁም። ሳይመሽ የማቅለሚያው በር በሰንሰለትና በሰም ታሸገ። ያሸጉት የማቴዎስን ቤተ ክርስቲያን ያሸጉት ሰዎች ናቸው፤ ሰሙም አንድ ዓይነት ነው። ጣቢታን ቀበሌ አስቀምጠው ሲጠይቋት ውለው ለቀቋት። ጓድ ኃይሉ ከሥልጣን ወንበራቸው አልተነሡም። ሥራ ያጣችው እትዬ አበራሽ ናት፤ በመንገድ ላይ ጣቢታን ስታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ አለፈች። ጣቢታም አልፈረደችባትም። የጠየቀችው ተፈጽሞላታል፤ የምትወደው ነገር ታሽጓል። ይቁም ማለትና ይጥፋ ማለት አንድ እንዳልሆነ በዚያ ሁሉ ቢሮ ውስጥ የሚገባው ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ገነቴና ጣቢታ የቆጮውን ጉድጓድ መዛቅ ጀመሩ። ሊጡን እያፈሱ በቅርጫት ሞሉት። ጎረቤቶችም መጥተው አገዟቸው፤ በያሆዴ ከየጉድጓዳቸው እየቆነጠሩ ለገነቴ እንደሚያዋጡላትም ሳይነጋገሩ ተስማምተው ነበር። የቸገረው ግን የተበላሸው የት እንደሚደፋ ነው። ላም አትበላው። መሬት ቢቀበር ያው ነው። ገነቴ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"እንግዲህ የማያፈስ ቦታ የት አለ?" አለች።

ጣቢታ ቀና አለች። ከጓሮው ሽቅብ፣ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ፣ አደባባዩ ላይ ሰገነቱ ይታያል።

"አንድ ቦታ አለ" አለች።

በጠራራ ፀሐይ፣ ሴቶቹ ቅርጫት እየተሸከሙ ተሰልፈው አደባባዩን ወጡ። አንዳንዶቹ ያን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ሌላ አዲስ ልብስ የላቸውም። የሰገነቱ የኋላ በር አልተቆለፈም። ውስጡ በለስላሳ ልስን የተለሰነ፣ ደረቅና ሰፊ ነው። ጣቢታ በመዳፏ ግድግዳውን ዳበሰችው። ስንጥቅ የለውም፤ እጅግ ጥሩ ገንዳ ይወጣው ነበር። የመጀመሪያውን ቅርጫት እሷ ገለበጠች።

የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ እየሮጠ መጣ። "ምንድን ነው የምታደርጉት? ምንድን ነው ይኼ?"

"ምግብ ነው" አለች ገነቴ። "ምንም አያደርግም ተብሏል።"

"ማን ፈቀደላችሁ?"

"ሲሚንቶው ሥራ ላይ ነው ብለውኛል" አለች ጣቢታ። "ሥራ ላይ እያዋልነው ነው።"

ጥበቃው የሰፈሩ ልጅ ነው። ሴቶቹን አየ፤ እናቱም ከመሐላቸው ነበረች፤ ቅርጫቷ ከባድ ነው። ወደ ቢሮው አየ፤ ከዚያ ትእዛዝ ልጠይቅ ብሎ፣ ሳይቸኩል ሄደ።

የመጨረሻውን ሲደፉ ሰማዩ ተለውጦ ማካፋት ጀመረ። ገነቴ እጇን ወደ ሻሿ ላከችና ቆም አለች።

"ይለቃል?" አለች።

"ጨርቁስ አይለቅም" አለች ጣቢታ። "በደንብ ነው የነከርኩት።"

ገነቴ ሻሿን ይበልጥ አጥብቃ አሰረችው። "እንግዲያው ይዝነብ። አንቺ ግን ለገንዳው ማመልከቻ መቼ ነው የምትጽፊው?"

"ነገ።"

"ለእነ ጓድ ኃይሉ?"

"ለእነሱ አይደለም" አለች ጣቢታ ባዶውን ቅርጫት እያነሣች። "ገና አላወቅሁም ለማን።"